ለሕፃናት ማሳደጊያ የጣሪያ ውሃ ማጠራቀሚያና የእጅ መታጠቢያ እንዴት ይሠራል? ለበጎ ፈቃደኛ ቡድኖች

«ወደ አሥራ አምስት ሰው ነን፣ አንድ ሳምንት አለን፤ ለልጆቹ ምን ብንሠራላቸው ይሻላል?» ከፋሲካ በኋላ ስልኬ የሚጮኸው በዚህ ጥያቄ ነው። ጠያቂዎቹ አንዳንዴ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች፣ አንዳንዴ የአንድ ቤተ ክርስቲያን የተልእኮ ቡድን፣ አንዳንዴም ከአሜሪካ ለእረፍት የሚመጡ ወገኖች ናቸው። እኔ የቧንቧ ሠራተኛ ነኝ፤ መልሴም ብዙ ጊዜ አንድ ነው፦ የጣሪያውን ውሃ ያዙላቸው፤ ከሱ ጋር ልጆቹ ያለ ሰው እርዳታ የሚታጠቡበት ቧንቧ ሥሩላቸው። ለየብቻ ስመልስ ሁሌ የምረሳው ነገር ስላለ ከዚህ በታች አንድ ላይ ጽፌዋለሁ።

ሥራው ለየትኛውም ጊቢ ይሆናል። በተለይ መስመር ውሃ በፈረቃ ለሚደርሳቸው የአዲስ አበባ ዳርቻዎች ይጠቅማል። በስምጥ ሸለቆም፣ በመቂና በባቱ (ዝዋይ) በኩል፣ የጉድጓድ ውሃው ፍሎራይድ ስለሚበዛበት የልጆችን ጥርስ ያበላሻል፤ የዝናብ ውሃ ግን ከፍሎራይድ ነፃ ነው ማለት ይቻላል። እዚያ የምትሄዱ ከሆነ ይህ ሥራ ከመታጠቢያም ያለፈ ጥቅም አለው።

ገንዘብ ከማዋጣታችሁ በፊት የሚጠየቁ አራት ነገሮች

ጊቢው የማን ነው? ብዙ ማሳደጊያዎች ያሉት በኪራይ ቤት ነው። አከራዩ ነገ «ልቀቁ» ቢል የኮንክሪት መሠረታችሁ የሱ ሆኖ ይቀራል። ኪራይ ከሆነ መሠረቱን በብሎን በሚፈታ የብረት ማማ ተኩትና ቤቱ ሲዛወር ይዘውት ይሂዱ።

የጣሪያው ክዳን ምንድን ነው? ቆርቆሮ ጥሩ ነው። ሞገድ ያለው ግራጫ፣ ወፍራም፣ ሲመቱት እንደ ሸክላ የሚጮህ የቆየ ክዳን ካያችሁ አስቤስቶስ ሊሆን ስለሚችል አትብሱት፣ አትቁረጡት፣ አትፈግፍጉት። ብናኙ ሳንባ ውስጥ ገብቶ አይወጣም። ሌላ ጣሪያ ምረጡ።

ጠርዙ ከመሬት ስንት ሜትር ነው? ይህችን ጥያቄ የሚጠይቅ የለም፤ ሥራ የሚያበላሸው ግን በአብዛኛው እሷ ናት። ዝርዝሩ በደረጃ 1 አለ።

ከእናንተ በኋላ ቧንቧውን የሚጠግነው ማን ነው? የጥበቃው አባባ ይሁኑ ወይም የወጥ ቤቷ እናት፣ ሁለት ሰው በስም ይታወቅ። እነሱ በሥራው ቀን ሌላ ሥራ እንዳይሰጣቸው ከኃላፊው ጋር አስቀድማችሁ ተስማሙ።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

ልኩ የተሰላው 20 ሜትር ለሚረዝም መኝታ ቤት፣ የአንድ ጎኑ ጣሪያ 4 ሜትር ስፋት ላለው (ማለትም 80 ካሬ ሜትር) እና ለ40 ልጆች ነው። ቤታችሁ ከዚህ ቢለይ አስተካክሉት።

- ባለ 2,500 ሊትር ጥቁር ሮቶ (የፕላስቲክ ውሃ ማጠራቀሚያ)፣ 2
- አሸንዳ፣ ባለ 28 ጌጅ ቆርቆሮ፣ ዝርግ ስፋቱ 50 ሳ.ሜ፣ 20 ሜትርና ለመደራረቢያ 1 ሜትር
- የአሸንዳ መያዣ ብረት፣ በየ60 ሳ.ሜ አንድ፣ በጠቅላላው ወደ 35
- ፒቪሲ ቱቦ፦ ባለ 110 ሚ.ሜ 6 ሜትር፣ ባለ 160 ሚ.ሜ 2.5 ሜትር፤ ከነቲው (ባለ ሦስት አፍ መገጣጠሚያ) እና ከነክዳኑ
- ፒፒአር ቱቦ፦ ባለ 1 ኢንች 20 ሜትር፣ ባለ ግማሽ ኢንች 4 ሜትር፤ ጎሚቶ (ማጠፊያ)፣ ማኒኮቶ (መቀጠያ) እና ቲ እንደ አስፈላጊነቱ
- የነሐስ ቧንቧ ባለ ግማሽ ኢንች፣ 6 (አምስቱ ይገጠማሉ፣ አንዱ መጠባበቂያ ነው)
- መዝጊያ ቫልቭ ባለ 1 ኢንች፣ 3
- ሲሚንቶ ባለ 50 ኪሎ፣ 20 ከረጢት፤ አሸዋ፣ ጠጠር፣ የግንብ ድንጋይ (መጠኑን ግንበኛው ይንገራችሁ)
- ባለ 8 ሚ.ሜ ፌሮ (የኮንክሪት ብረት)፣ 8 ቤርጋ (ሙሉ ዘንግ)
- ብሎኬት፣ ለመታጠቢያው ወደ 60
- የወንፊት ሽቦ፣ ሲልከን፣ ሪቬት፣ ቴፍሎን
- ውሃ ልክ፣ ቱንቢ፣ ሜትሮ፣ ሲባጎ፣ ሴጌቶ (የብረት መጋዝ)፣ ትራፓኖ (መብሻ)፣ ፒንሳ፣ የቧንቧ መፍቻ፣ አካፋ፣ ዶማ፣ ካሪዮላ፣ ጓንት

ከውጭ አገር መሣሪያ በሻንጣ ተሸክማችሁ አትምጡ። ሁሉም መርካቶ አለ፤ አሸንዳውንም እዚያው በልካችሁ ያጥፉላችኋል። ከውጭ የመጣ ቧንቧ ደግሞ አንድ ቀን ጎማው ሲበላ መለዋወጫው የትም አይገኝም። ተጨማሪ ገንዘብ ካላችሁ ነሐሱ ላይ አውሉት። የፕላስቲክ ቧንቧ 40 ልጅ በቀን አምስት ጊዜ ሲከፍተው ክረምቱን አያልፍም።

ደረጃ 1፦ ከፍታውን ለኩ

ውሃው ከአሸንዳ ወደ ሮቶ፣ ከሮቶ ወደ ቧንቧ የሚሄደው በራሱ ቁልቁል ነው፤ ፓምፕ የለም። ስለዚህ ቁጥሩ እንዲህ ይደመራል፦ የመሠረቱ ከፍታ 1 ሜትር፣ የሮቶው ቁመት፣ ለቱቦው 20 ሳ.ሜ። ሮቶው 1.6 ሜትር ቢሆን ድምሩ 2.8 ሜትር ነው። የአሸንዳው ዝቅተኛ ጫፍ ከዚህ በታች ከሆነ ውሃው ወደ ሮቶው አይገባም።

በአንድ ባለ 5,000 ፋንታ ሁለት ባለ 2,500 የጻፍኩት ለዚህ ነው፤ ትልቁ ብዙ ጊዜ ይረዝማል። ቁመቱ ከፋብሪካ ፋብሪካ ስለሚለያይ ሱቅ ውስጥ በሜትሮ ለክታችሁ ግዙ። አንድ ጊዜ እኔው ራሴ በግምት ገዝቼ የሮቶው አፍ ከአሸንዳው በላይ ሆነብኝ። መሠረቱ ደርቋል፣ ቡድኑ ቆሞ ያየኛል። መሠረቱን በመዶሻ ዝቅ ስናደርግ ሁለት ቀን ሄደ።

መሠረቱን ከ1 ሜትር ማሳነስም ሌላ ጣጣ አለው። የመታጠቢያው ቧንቧ ከመሬት ወደ 85 ሳ.ሜ ላይ ስለሚሆን፣ ሮቶው ዝቅ ካለ የመጨረሻው ውሃ ሳይወርድ እዚያው ይቀራል።

ደረጃ 2፦ መሠረቱ እናንተ ሳትደርሱ ይሠራ

ኮንክሪት ቢያንስ 7 ቀን በውሃ እየራሰ መቆየት አለበት። እናንተ ያላችሁ ደግሞ ስድስት የሥራ ቀን ነው። ስለዚህ ከመምጣታችሁ 10 ቀን በፊት ገንዘብ ላኩና የአካባቢውን ግንበኛ አሠሩ። «እኛ እንሥራው» የሚል ስሜት ይኖራል፤ ገባኝ። ግን ሁለት ሮቶ ሲሞላ 5 ቶን ነው። 5 ቶን ልጆች በሚጫወቱበት ጊቢ ላይ እንዲዘም አትፈልጉም።

ለግንበኛው የምትሰጡት ልክ ይህ ነው፦ ለሁለቱም ሮቶ 3.6 በ1.9 ሜትር፤ ሮቶው ከጠርዙ ቢያንስ 15 ሳ.ሜ ገባ ይበል። ከመሬት በታች ጠንካራ አፈር እስኪገኝ ይቆፈር። ዙሪያው የድንጋይ ግንብ፣ መሃሉ በደንብ የተጠቀጠቀ ድንጋይ፣ ከላይ 12 ሳ.ሜ ኮንክሪት፣ ፌሮው በየ20 ሳ.ሜ ግራና ቀኝ። ኮንክሪቱ 1 ከረጢት ሲሚንቶ፣ 2 ሳጥን አሸዋ፣ 3 ሳጥን ጠጠር። ገጹ በውሃ ልክ ይታይ፤ ድንጋይ ወይም ጠጠር ብቅ ካለበት የሮቶውን ሆድ ይወጋዋል።

⚠ አፈሩ ዋልካ ከሆነ (በበጋ የሚሰነጠቅ፣ በክረምት የሚያብጥ ጥቁር አፈር) ዋልካው ተነሥቶ እስኪያልቅ ይቆፈርና በተመረጠ አፈርና በድንጋይ ይሞላ። ዋልካ ላይ የተቀመጠ መሠረት በሁለተኛው ክረምት ይሰነጠቃል።

ደረጃ 3፦ አሸንዳውን ስቀሉ

መጀመሪያ በጣሪያው ላይ የተንጠለጠለ የዛፍ ቅርንጫፍ ቁረጡ፣ የተከማቸውን ቅጠልና የወፍ ኩስ ጥረጉ። ጣሪያ ላይ የሚወጣው የለመደ ሠራተኛ ብቻ ነው፤ በጎ ፈቃደኛው መሰላል ይይዛል፣ ዕቃ ያቀብላል።

ቁልቁለቱ ለአንድ ሜትር ግማሽ ሳንቲ ሜትር ይሁን፤ ለ20 ሜትር 10 ሳ.ሜ ማለት ነው። በዓይን አይሠራም። የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን መያዣ አስራችሁ ሲባጎ ወጥሩ፣ ሌሎቹን በሲባጎው ልክ ምቱ። ቁልቁለቱ ካነሰ ውሃው መሃል ላይ ይተኛል፤ የተኛ ውሃ ትንኝ ያራባል፣ ቆርቆሮውንም ያዝገዋል። ከበዛ ደግሞ በዝቅተኛው ጫፍ በጣሪያውና በአሸንዳው መካከል ክፍተት ተፈጥሮ ዝናቡ ከውጭ ይወርዳል።

መደራረቢያው 10 ሳ.ሜ፣ ከላይ ያለው በታችኛው ላይ፤ የውሃውን አካሄድ ተከትሎ፣ እንደ ዓሣ ቅርፊት። በሪቬት ከተያዘ በኋላ በሲልከን ይዘጋ። ሲልከን እርጥብ ቆርቆሮ ላይ አይዝም፤ ጠዋት ጤዛው ሳይጠፋ አትጀምሩ።

ስታበቁ በባልዲ ከሩቁ ጫፍ ውሃ አፍስሱ። የትም ሳይቆም ከደረሰ ጥሩ ነው።

ደረጃ 4፦ የመጀመሪያውን ቆሻሻ ውሃ አስወጡ

የበጋው አቧራ፣ የርግብ ኩስና ቅጠሉ ሁሉ የሚወርደው በዝናቡ የመጀመሪያ ደቂቃዎች ነው። ለእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ጣሪያ ግማሽ ሊትር ያህል መጣል አለበት፤ ለ80 ካሬ ሜትር 40 ሊትር ይሆናል።

ከአሸንዳው በሚወርደው ባለ 110 ቱቦ ላይ፣ ወደ ሮቶው ከመግባቱ በፊት ቲ ግጠሙ። የቲው የታችኛው እጅ 2.2 ሜትር ከሚረዝም ባለ 160 ቱቦ ጋር ይያያዝ፤ 40 ሊትሩን የሚይዘው እሱ ነው። ጫፉ በሚፈታ ክዳን ይዘጋ፣ ክዳኑ ላይ 3 ሚ.ሜ የምትሆን ቀዳዳ ብሱ። ቆሻሻው ውሃ መጀመሪያ ይህን ቱቦ ይሞላል፤ ሲሞላ ንጹሑ ከላይ ወደ ሮቶው ያልፋል። በቀዳዳዋ ደግሞ ቱቦው ቀስ ብሎ ይፈስና ለሚቀጥለው ዝናብ ባዶ ሆኖ ይጠብቃል። ቀዳዳዋን ከረሳችሁ ቱቦው እንደሞላ ይቀራል፤ ከሁለተኛው ዝናብ ጀምሮ ቆሻሻው በቀጥታ ወደ ሮቶው ይገባል። የተዘጋ ቱቦ ብዙ ቦታ አይቻለሁ።

ደረጃ 5፦ ሮቶዎቹን አስቀምጡና አገናኙ

ለስምንት ጎበዝ የሚሆን ሥራ ይሄ ነው፤ ባዶ ሮቶ ቀላል ቢሆንም ነፋስ ይወስደዋል፣ በገመድ ያዙት። ሁለቱን ከታች በባለ 1 ኢንች ቱቦ አገናኙ፤ በየሮቶው መውጫ አንድ አንድ ቫልቭ ይሁን። ምክንያቱም አንዱን ሲያጥቡ በሌላው ልጆቹ ይታጠባሉ። ሦስተኛው ቫልቭ ወደ መታጠቢያው በሚሄደው መስመር ላይ ነው።

ከመጠን በላይ የሞላ ውሃ የሚወጣበት ቱቦ ውፍረት ከሚገባበት አይነስ። ጫፉና ማንኛውም ክፍት ቦታ በወንፊት ሽቦ ይሸፈን፤ ትንኝ በሮቶ ውስጥ እንቁላል ይጥላል፣ በስምጥ ሸለቆ ደግሞ ትንኝ ማለት ወባ ነው። የትርፉ ውሃ መውጫ ከመሠረቱ ራቅ ብሎ ይፍሰስ፤ ከሥሩ ከፈሰሰ የደከማችሁበትን መሠረት ይሸረሽረዋል።

ውስጡን እንዲህ እጠቡ፦ 5 በመቶ የሆነ በረኪና 100 ሚሊ ሊትር በ10 ሊትር ውሃ በጥብጡ፣ እጀታው ረጅም በሆነ ብሩሽ ግድግዳውን ፈትጉ፣ ግማሽ ሰዓት አቆይታችሁ አለቅልቁ።

⚠ ማንም ሰው ሮቶ ውስጥ አይግባ። በተዘጋ ቦታ የበረኪና ትነት ያፍናል። በረኪናን ከመጸዳጃ ቤት ማጽጃ አሲድ ጋር መደባለቅም የተከለከለ ነው፤ መርዛማ ጋዝ ይወጣዋል።

ደረጃ 6፦ መታጠቢያው በልጆቹ ልክ ይሁን

ልክ ከመጽሐፍ አትፈልጉ። ከትንንሾቹ መካከል መካከለኛ የሆነውን ልጅ አቁሙና የክርኑን ከፍታ ለኩ፤ የገንዳው ጠርዝ እዚያ ይሁን። ከክርን በላይ ሲሆን ውሃው በእጅጌው ይገባል፣ ልጁም መታጠብ ይጠላል። የአምስትና የአሥራ አራት ዓመት ልጆች አብረው ካሉ ገንዳውን ሁለት ደረጃ አድርጉት፤ ሁለት ቧንቧ ከፍ፣ ሦስቱ ዝቅ። ከፍ ያሉት ግን ከ85 ሳ.ሜ እንዳይበልጡ ደረጃ 1ን አስታውሱ።

ገንዳው 3 ሜትር ይርዘም፤ በቧንቧዎቹ መካከል 55 ሳ.ሜ ይኑር፣ ያለዚያ ልጆቹ በክርን ይጓሸማሉ። በብሎኬት ተገንብቶ ይለሰን፤ ወለሉ ወደ አንድ ጫፍ ያዘንብል። ልጆቹ የሚቆሙበትም መሬት በሻካራ ሲሚንቶ ይሠራ፤ ለስላሳ ከሆነ በሳሙና ውሃ ያንሸራትታል።

ከሮቶው እስከ ገንዳው ያለው መስመር ባለ 1 ኢንች ነው። ግፊቱ ትንሽ ስለሆነ በቀጭን ቱቦ ብታመጡት አምስቱ ቧንቧ በአንድ ጊዜ ሲከፈት የመጨረሻው ይንጠባጠባል። ከየቧንቧው ሥር ብቻ ወደ ግማሽ ኢንች ቀንሱ። ቱቦውን 40 ሳ.ሜ ቅበሩት፤ ፒፒአር ፀሐይ ይሰነጥቀዋል፣ የእግር ኳስ ሜዳ ላይ ካለፈ ደግሞ ማን እንደሚሰብረው አትጠይቁ።

የእጣቢው ውሃ 1 በ1 ሜትር ስፋትና 1.5 ሜትር ጥልቀት ባለው፣ በድንጋይ በተሞላ ማስረጊያ ጉድጓድ ይግባ። ከቤቱ ግድግዳ ቢያንስ 3 ሜትር፣ ከውሃ ጉድጓድ 30 ሜትር ይራቅ። ለብዙ ሰው የሚሆነው ቁፋሮ ይሄው ነውና አካፋውን እዚህ አሰልፉት።

ስለ ሳሙና። ደረቅ ሳሙና በሦስት ቀን ይጠፋል ወይም ጭቃ ይሆናል። የፕላስቲክ ጠርሙስ ክዳን ብሱና 1.5 ሊትር ውሃ ውስጥ 30 ግራም የልብስ ዱቄት ሳሙና ጨምራችሁ በጥብጡ፤ ጠርሙሱን በገመድ ከቧንቧው አጠገብ እሰሩ። ለመሙላት ቀላል ነው፣ ማንም አይወስደውም።

ደረጃ 7፦ ልጆቹና ሥራው

ቴክኒክ ባይሆንም ያለሱ ሥራው አይሄድም።

የሥራ ቦታውን በገመድ አጥሩ፤ ጉድጓድ ክፍት ሆኖ አይደር፣ በጣውላ ይሸፈን። ማታ ማታ መሣሪያ ቆጥራችሁ ቆልፉ። ጠዋት የጠፋ ሴጌቶ ፍራሽ ሥር ሲገኝ አያስቅም።

የቡድኑ አባል ከአንድ ልጅ ጋር ብቻውን ክፍል ውስጥ አይሁን፤ ሁሌ ሁለት ትልቅ ሰው ወይም የቤቱ ሞግዚት ትኑር። ልጁንም ቡድኑንም የሚጠብቅ ልማድ ነው። የልጅ ፊት የሚታይበት ፎቶ አታንሡ፣ አታጋሩ። ለለገሱት ሰዎች የሮቶውንና የእጆቹን ፎቶ ላኩ፤ ይበቃል። ከረሜላና ብር ለልጆች በእጅ አትስጡ፤ የማይደርሰው ያለቅሳል፣ እናንተ ከሄዳችሁ በኋላ የሚያባብሉት ሞግዚቶቹ ናቸው።

ትልልቆቹ ልጆች መርዳት ይፈልጋሉ፤ አሸንዳውን በባልዲ መሞከር፣ ከፍታ መለካት፣ ቀለም መምረጥ የነሱ ሥራ ይሁን። መሰላል፣ ሲሚንቶና ትራፓኖ ግን አይነኩም።

ቀለም ካልኩ አይቀር፣ ገንዳውን ወይም ግድግዳውን የምትቀቡ ከሆነ የቆየውን ቀለም በደረቁ አትፋቁ። የድሮ የዘይት ቀለም እርሳስ ሊኖርበት ይችላል፤ እርሳስ ደግሞ የልጅን አእምሮ ይጎዳል። አርጥባችሁ ፋቁ፣ ፍርፋሪውን ሰብስባችሁ አስወግዱ። አዲሱንም ስትገዙ እርሳስ የሌለው መሆኑ ቆርቆሮው ላይ የተጻፈበትን ምረጡ።

ደረጃ 8፦ ርክክብ

በመጨረሻው ቀን እናንተ እጃችሁን አጣጥፉ፤ እነዚያ ቧንቧውን እንዲጠግኑ በስም የታወቁት ሁለት ሰዎች ይሥሩ። አንድ ቧንቧ ይፍቱ፣ ጎማውን ይቀይሩ፣ ቴፍሎን ይጠቅልሉ (በጥርሱ አቅጣጫ፣ ሲያጠብቁት እንዳይፈታ)፣ መልሰው ይግጠሙ። የ160ውን ክዳን ይክፈቱ፣ ጭቃውን ያውጡ፣ ይዝጉ። እጃቸው ካልነካው የነገራችሁትን ሁሉ ይረሱታል፤ እኔም እረሳለሁ።

መጠባበቂያውን ቧንቧ፣ ጎማዎች፣ ቴፍሎን፣ ሲልከንና መፍቻ በአንድ ሳጥን ትታችሁ ሂዱ። ግድግዳ ላይ ይህን ለጥፉ፦ አሸንዳ በሳምንት አንድ ጊዜ በክረምት ይጠረግ፤ የቆሻሻ ቱቦው ክዳን በ15 ቀን ይታጠብ፤ ሮቶ በዓመት አንዴ፣ በግንቦት፣ ይታጠብ።

⚠ ይህ ውሃ ለእጅና ለልብስ ነው። ለመጠጥ ከሆነ ይፈላ ወይም እንደ ውሃ አጋር ባለ ማከሚያ፣ ዕቃው ላይ በተጻፈው መጠን ይታከም። ይህንንም ከቧንቧው በላይ በትልቁ ጻፉት።

ብዙ ጊዜ የሚያጋጥሙ ስህተቶች

ሮቶውን መጀመሪያ ገዝቶ ከፍታውን በኋላ መለካት። ይህን ሦስተኛ ጊዜ መናገሬ ነው።

በሐምሌ መምጣት። ሲልከኑ አይደርቅም፣ ጉድጓዱ ይሞላል፣ መሰላሉ ይንሸራተታል። ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ግንቦት መጨረሻ ኑ፤ የበልግ ዝናብ ቢያዘገያችሁም ዋናው ክረምት ተጠናቆ ያገኘዋል።

ከሚገባ በላይ ሰው ማምጣት። ለዚህ ሥራ 8 ሰውና 2 ባለሙያ ይበቃል። ሃያ ከሆናችሁ የተረፉት የጉዞ ወጪያቸውን ለሲሚንቶ ቢሰጡ ሁለት መሠረት ይወጣዋል።

ስሌቱን አለመሥራት። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ነው፤ በመንገድ የሚባክነውን ቀንሳችሁ በ0.8 አባዙ። ወሩን 250 ሚ.ሜ ዝናብ ቢጥል ከ80 ካሬ ሜትር 16,000 ሊትር ይወርዳል፤ ሮቶዎቹ ሦስቴ ሞልተው ይተርፋል። በሌላ በኩል 40 ልጅ በቀን 5 ጊዜ በግማሽ ሊትር ቢታጠብ በቀን 100 ሊትር ነው፤ የሞላው 5,000 ሊትር ዝናብ ካቆመ በኋላ 50 ቀን ያህል ያቆያል። ከመስከረም መጨረሻ ተነሥታችሁ ቁጠሩት፤ ኅዳር አጋማሽ ላይ ያልቃል። ስለዚህ ለኃላፊው «ዓመቱን ሙሉ» ብላችሁ አትንገሩ። ከኅዳር በኋላ ሮቶዎቹ የመስመር ውሃ በመጣ ቀን እንዲሞሉ ከመስመሩ አንድ ግማሽ ኢንች ቱቦ ወደ ላይ አውጡላቸው፤ ጫፉ ከውሃው ከፍ ብሎ ይቁም፣ ውሃ ውስጥ ከተነከረ የሮቶው ውሃ ወደ መስመሩ ሊመለስ ይችላል።

ደረጃ 9፦ የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ በዘነበ ማግስት ስልክ ደውሉ

ለኃላፊው ሳይሆን ለጥበቃው አባባ። ሦስት ነገር ጠይቋቸው፦ አሸንዳው በየት በኩል ሞልቶ ፈሰሰ? በ160ው ክዳን ያለችው ቀዳዳ እየፈሰሰች ነው? መሠረቱ ላይ ስንጥቅ አለ? ሞልቶ ፈስሶ ከሆነ አንድ መያዣ ዝቅ ብሏል ማለት ነው፤ የትኛው እንደሆነ እሳቸው በሲባጎው ያገኙታል።